ጎማው ለማን እግር ነው?

ሥራዬ ሰው የሚነግረኝን አለማመን ነው። ሜክሲኮ አካባቢ ባለ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት የካሳ ክፍል እሠራለሁ። መኪናቸውን የገጩ ሰዎች ፊቴ ተቀምጠው እንዴት እንደገጩ ይነግሩኛል። ሁሉም የሚገጨው ቀስ ብሎ ሲነዳ ነው። ሁሉም ላይ ድንገት ውሻ ይገባበታል። ባልና ሚስት አብረው ከመጡ ደግሞ ማን ይነዳ እንደነበር ከመናገራቸው በፊት አንዴ ይተያያሉ፤ ያቺን መተያየት የትም ባያት አልስታትም። ሰው ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። መኪና የሚሉት ነገር ግን ጨዋውን ሁሉ ያስዋሻል።

ስለዚህ ባለቤቴ አንድ እሁድ ምሳ እየበላን "የመኪናዋን ጎማ ልቀይር አስቤያለሁ" ሲለኝ ጉርሻዬን ይዤ ቀረሁ።

"የቱን ጎማ?"

"አራቱንም።"

"ፈነዳ እንዴ?"

"አይ፣ እንዲያው... ክረምቱ እየገባ ስለሆነ ነው።"

መኪናዋ ከተገዛች ገና ዓመት ቢሆናት ነው። የጎማዎቿ ጥርስ አልተነካም። ባለቤቴ ደግሞ የጥርስ ሳሙና ሲያልቅ ቱቦውን በመቀስ ቀዶ ውስጡን የሚጠርግ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ያላለቀ ጎማ አውልቆ ሌላ የሚገዛ ከሆነ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም ክረምት ሊሆን አይችልም። ክረምት አምናም ነበር።

ስለ መኪናዋ ትንሽ ልበል። ኤሌክትሪክ ናት። የነዳጅ መኪና ማስገባት ሲከለከል ባለቤቴ "ከእንግዲህ ያለው ይኸው ነው" ብሎ ከአንድ ጓደኛው ገዛት። ስንገዛት ስለ ጉልበቷ የጠየቀ የለም፤ እኔ ቀለሟን አየሁ፣ እሱ በአንድ ቻርጅ የት እንደምትደርስ ጠየቀ። በኋላ አንድ የመሥሪያ ቤቴ ባልደረባ ወረቀቷን አይቶ "ይቺ እኮ ከሦስት መቶ በላይ የፈረስ ጉልበት ነው ያላት፣ ምን ልታደርጉባት ነው?" አለኝ። ምን እናደርግባታለን፤ ከቂርቆስ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ቂርቆስ ነው። ድምፅ የላትም። ቀስ ብለው ሲረግጧት ቀስ ትላለች፤ ጠበቅ አድርገው ከረገጧት ግን ወንበሩ ላይ ለጥፋችሁ ነው የምትነሳው። ይህንንም የማውቀው ሻጩ አንዴ ስላሳየን ነው እንጂ ባለቤቴማ እንቁላል የጫነ ይመስል ነው የሚነዳት። የሚኒባስ ረዳቶች አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው እየሰደቡት ያልፋሉ፤ እሱ ፈገግ ይላል።

ታዲያ ለሚንቀራፈፍ ሰው የክረምት ጎማ ምን ያደርግለታል?

ከዚያ ቀን በኋላ ከእራት ሲነሳ ሶፋው ጥግ ላይ ስልኩን ይዞ መቀመጥ ጀመረ፤ እኔ ሳልፍ ስልኩን ደረቱ ላይ ይደፋዋል። ስልኩን የሚደብቅ ባል ምን እንደሚያይ ማንም ይገምታል፣ እኔም ገመትኩ። ሻወር ሲገባ ከፍቼ አየሁ። ጎማ ነው። ጎማ፣ ጎማ፣ ጎማ። እርጥብ አስፋልት ላይ የሚንሸራተት ጎማ፣ ውሃ የሚተፋ ጎማ፣ ሁለት ጎማ አወዳድሮ የሚናገር ፈረንጅ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሴት ብትሆን ይቀለኝ ነበር፤ ቢያንስ ምን እንደምል አውቃለሁ። ጎማ የሚደብቅን ባል ምን ይሉታል?

በማግስቱ ፊት ለፊት ጠየቅኩት።

"ፋብሪካው የገጠመላት ጎማ ደረቅ ነው" አለኝ ረጋ ብሎ። "ቻርጅ ለመቆጠብ ብለው ነው። ደረቅ ጎማ በቀላሉ ይንከባለላል፣ ባትሪው ሩቅ ያስኬዳል። ዝናብ ላይ ግን አስፋልቱን አይዝም። ጉልበቷ ደግሞ እንደ ቤንዚን መኪና እየጨመረ አይደለም የሚመጣው። በረገጥሽው ቅጽበት ሁሉም የኋላ ጎማ ላይ ያርፋል። ጎማው ካልቻለው ባዶውን ይሽከረከራል፣ ቂጧን ወደ ጎን ይወስዳታል።"

ያለው ሁሉ ትክክል ነው፤ መሥሪያ ቤት ጠይቄ አጣርቻለሁ። ግን እኔ መልስ ሲያምርልኝ ይብስ ነው የምጠራጠረው። ከደንበኞቼም ሳይንስ የሚያወሩልኝ ውሸታሞቹ ናቸው፤ እውነተኛው "እኔ እንጃ፣ ብቻ ገጨሁ" ብሎ ያለቅሳል። "በረገጥሽው ቅጽበት" አለኝ። አንተ መቼ ረግጠህ ታውቃለህ? "ቂጧን ወደ ጎን ይወስዳታል" ያለውንስ የት አየው?

ሌላም ነገር ነበር። መኪናዋን ሁልጊዜ ላቫጆ ነው የሚያሳጥባት። አሁን ግቢ ውስጥ ራሱ ያጥባት ጀመር። እኔም ላግዝህ ብዬ ባልዲ ይዤ ወጣሁ። በግራ በኩል ዞሬ ሳጥብ "እሱን ተዪው፣ እኔ አጥበዋለሁ" እያለ ይከተለኛል። ተከትሎኝ ሳይደርስ በቀኝ በኩል ዞርኩና የኋላውን ቸርኬ አየሁት። አንድ ቦታ ላይ ገባ ብሎ ተጎድቷል፤ ስንጥቁ ውስጥ ከመንገድ ጠርዝ ድንጋይ የተላጠ ቀለም ገብቷል።

"ይሄ ምንድነው?"

"ፓርክ ሳደርግ ነካሁት መሰለኝ።"

ፓርክ ሲያደርጉ የተነካ ቸርኬ በየቀኑ አያለሁ። ዙሪያውን ይፋቃል፣ ልክ ድንች እንደ መላጥ። ይሄ አልተፋቀም፤ ይሄ ተመትቷል፤ አንድ ቦታ፣ በጎን፣ በኃይል። መኪና እንደዚያ የምትመታው ወደ ፊት ስትሄድ አይደለም። መኪናችን በጎን ሄዳለች፤ ያቆማትም የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ነው። ጠርዙ ባይኖር የሚያቆማት እዚያ የቆመ ሰው ይሆን ነበር። የእንደዚህ ዓይነት ሰዎችን ቤተሰብ ፊቴ አስቀምጬ አውቃለሁ።

ባለቤቴ እንደዚያ አይነዳም። ስለዚህ መኪናዋን የያዘ ሌላ ሰው አለ። ያ ሰው በሚቀጥለው ዝናብ ሰው ሊገድል ነው፤ ባሌም ይህንን እያወቀ ደብቆኛል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ማን እንደሆነ ሳላውቅ እንቅልፍ እንደማይወስደኝ ገባኝ።

ጎማ ሊገዛ የሄደ ቀን "እኔም እመጣለሁ" አልኩት።

"አንቺ እዚያ ምን ታደርጊያለሽ? ጭቃ ነው፣ ሽታ ነው..."

"ጎማ ማየት አምሮኝ ነው።"

ሱቁ ከለገሃር ወደ ቂርቆስ በሚያስገባው መንገድ ዳር ነው። በሩ ላይ ጎማው እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፤ ከጎኑ ጎማ የሚፈታውና የሚገጥመው ጎሚስታ ይሠራል። ባለ ሱቁ አፉ ቅቤ የሆነ ጎልማሳ ነው። ለእኔ ወንበር አወጣልኝ፣ በጨርቅ ጠረገልኝ። ሳይጠየቅ ወንበር የሚጠርግ ነጋዴ ደግሞ አይጥመኝም፤ አልተቀመጥኩም።

"ወንድሜ፣ ይሄን ውሰድና በቃ እርሳው" አለ አንዱን ጎማ በቡጢ እየመታ። "ስማው፣ ድንጋይ ነው። ማለቴ፣ ዓመታት ትነዳዋለህ፣ ንቅንቅ አይልም።"

"ድንጋይ አይደለም የፈለግኩት" አለ ባለቤቴ።

ባለ ሱቁ ግራ ገብቶት አየው። እዚህ አገር ጎማ ሊገዛ መጥቶ የማያልቀውን አልፈልግም የሚል ሰው አጋጥሞት አያውቅም መሰለኝ። ሌላ አወጣ፤ ጥርሱ ያማረ፣ ጥቁረቱ የሚያብረቀርቅ። ጎኑ ላይ ያለውን የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት የሚናገረውን ቁጥር ጎንበስ ብዬ አነበብኩ። መኪናዋ ራሷ ሳትሠራ የተሠራ ጎማ ነው። ጣቴን ባሻሸው ጣቴ ጠቆረ።

"ይሄ ቀለም ተቀብቷል" አልኩ።

"ኧረ እህቴ! አቧራ እንዳይዘው በትንሹ አበስ አድርገነው ነው። ማለቴ፣ ዕቃ ቤት ነበር፣ ፀሐይ አይቶ አያውቅም።"

"እኔም ዕቃ ቤት ብቀመጥ አረጃለሁ።"

ሳቀና መለሰው። ባለቤቴ ግን እኛን አልሰማንም። ከኋላ በኩል ከተደረደሩት አንዱን በአውራ ጣቱ እየጫነ ነበር፤ ጥፍሩ ትንሽ ይሰምጣል።

"ይሄ ለስላሳ ነው" አለ ባለ ሱቁ ቅር እያለው። "እውነቱን ልንገርህ፣ ውሃ ላይ ጥሩ ነው። መሐሉ ላይ ያለው ቦይ ውሃውን ወደ ጎን ይተፋል፣ ጎማው አስፋልቱን ያገኘዋል። ግን ቶሎ ያልቃል። ቻርጅም ይበላብሃል። ይሄንን በቃ ፈጣን ነጂዎች ናቸው የሚወስዱት።"

"ክብደቱንስ ይችላል? ባትሪዋ ከባድ ነው።"

"ይችላል፣ እሱ ተጽፎበታል።"

"የኋላውን ጎማ በትንሹ ሰፋ ባደርገው ከላይ ያለውን ቆርቆሮ ይነካል?"

"ያንን ያህል ካላሰፋኸው አይነካም።"

ባለቤቴ ጎማውን አንዴ አዙሮ አየው። ከዚያ እኔ አጠገቡ መኖሬን የረሳ ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀ። "አንድ ሰው ቆማ ከነበረችበት፣ ዳገት ላይ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ እስከ መጨረሻው ቢረግጣት ይይዛታል? ማለቴ፣ ሲዳልጠውም እግሩን ባያነሳ?"

"ሲዳልጠው እግሩን የማያነሳ ማን ነው?" አለ ባለ ሱቁ እየሳቀ። "አንተ ነህ?"

ባለቤቴ አልሳቀም። ቀና ብሎ አንድ ጊዜ አየኝ። ያቺ መተያየት ናት፤ ባልና ሚስት ወንበር ስበው ፊቴ ሲቀመጡ የማያት። ብቻ በዚህኛው እኔ ራሴ ከደንበኞቹ ወንበር ላይ ነኝ፤ የማላውቀውም እኔ ነኝ።

"ይሄ ይሁንልኝ" አለ።

የጥርስ ሳሙና ቱቦ የሚጠርገው ሰውዬ፣ ከሱቁ ሁሉ ቶሎ የሚያልቀውን ጎማ መረጠ። ለራሱ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልገኝም ነበር። ለራሱ ሲሆን ድንጋዩን ይወስዳል። ሰው እንዲህ የሚሆነው ለሚሳሳለት ነው።

ጎማው እስኪገጠም አጠገቡ ቆሜ ጠበቅኩ። ጎሚስታ ቤት መኪናውን ጥሎ የሚሄድ የለም፤ ሁሉም እንደ እኔ ቆሞ ዓይኑን ይተክላል፣ ዕቃው እንዳይለወጥበት። እኔማ ከቦርሳዬ የጥፍር ቀለሜን አውጥቼ በእያንዳንዱ ጎማ የውስጥ ጎን ላይ ቀይ ነጥብ አደረግኩ። ጎሚስታው "እህቴ፣ ጎማ ነው እኮ፣ ሙሽራ አይደለም" ብሎ ተሳለቀብኝ። እንዳሻው ይሳቅ። ባለቤቴ ከእሱ ጋር የአየሩን ልክ ይከራከር ነበር፤ "አታጠንክረው፣ በር ላይ የተጻፈውን ያህል ብቻ፤ ከጠነከረ አይዝም" እያለ ትርፉን አስተነፈሰው። ለዚያ ለማላውቀው እግር ምን ያህል እንደሚጠነቀቅ ሳየው ቀናሁ። አዎ፣ ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አላወጣለትም።

በሚቀጥለው ቀን ጠዋት እሱ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ ቁልፏን ይዤ መኪናዋ ውስጥ ገባሁ። ምን እንደምፈልግ አትጠይቁኝ፤ ፀጉር፣ ሽቶ፣ የጆሮ ጌጥ። እኔ መንጃ ፈቃድ የለኝም፤ ሥራ ላይ የማየው ይበቃኛል ብዬ ነው። ከነጂው ወንበር ተቀምጬም አላውቅም ነበር። መኪናዋ የነጂውን ወንበር አቀማመጥ ታስታውሳለች፤ በሩ ላይ ለየነጂው ቁጥር የተጻፈባቸው ቁልፎች አሉ። አንድን ስነካ ወንበሩ እንደነበረው፣ ወደ ኋላ ርቆ ዝቅ እንዳለ ቀረ፤ ይሄ ረጅሙ ባሌ ነው። ሁለት ባዶ መሆን ነበረበት፤ ሌላ ነጂ የለንማ። ሁለትን ነካሁ።

ወንበሩ ተነሳ። ወደ ፊት ሄደ፣ ሄደ፣ ከፍ አለ፣ ጀርባው ቀጥ አለ። መስተዋቶቹም አንገታቸውን ሰበሩ። እግሬ ፔዳሉ ላይ በትክክል አረፈ፣ እጄም መሪው ላይ። ለአጭር ሰው የተስተካከለ ነው። የእኔን ቁመት የሚያክል ሰው፣ በዚህ ወንበር ላይ እየተመላለሰ ይቀመጣል፤ ባሌም ወንበሩን አስተካክሎ፣ በስሙ ቁጥር ሰጥቶ ያስቀምጠዋል።

 ከእኔ ጋር የምትመሳሰል ሴት አገኘ ማለት ነው አልኩ። እሷን መንዳት ያስተምራታል፤ እኔን ግን አንድ ቀን እንኳ ላስተምርሽ ብሎኝ አያውቅም። ከየትኛው ጊዜው ላይ እንደሰረቀላት ማሰብ ጀመርኩ። ማታ ቤት ነው። በሥራ ቀን ሥራ ነው። የሚቀረው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቅዳሜ ጠዋት እኔ እስከ ምሳ መሥሪያ ቤት ነኝ፤ እሱ ደግሞ ካዛንቺስ አባቴን ሊጠይቅ ይሄዳል። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴ ብቻውን ነው፤ ሰፈሩ ሲፈርስ የእሱ በኩል ስለተረፈ እዚያው ቤቱ ቀርቷል። ባሌ አንድ ቅዳሜ እንኳ አስታጉሎበት አያውቅም፤ እኔም በዚህ ነገሩ ስመርቀው ነበር የኖርኩት። አሁን ግን ምርቃቴን አንድ በአንድ መለስኩ። በአባቴ ስም ነው እንዴ የሚወጣው?

በቀጣዩ ቅዳሜ አለቃዬን ራሴን አሞኛል ብዬ ቶሎ ወጣሁ። ከሜክሲኮ በሚኒባስ ካዛንቺስ ወረድኩ። ካፊያ ይላል። አዲሱ አስፋልት ሰፍቶ እንደ ተወለወለ ሳሎን ያብለጨልጫል። የአባቴ ግቢ በር ገርበብ ብሏል፤ መኪናችን የለችም። ቤቱንም ባንኳኳ መልስ የለም።

የጎረቤታችን ሴትዮ ልብሷን ከገመድ ላይ እያነሳች ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ታውቀኛለች።

"ውይ መጣሽ? አሁን ይመለሳሉ፤ ጋሼና ባለቤትሽ ለመንዳት ወጡ እኮ።"

"ለመንዳት? ማን ነው የሚነዳው?"

"ጋሼ ናቸዋ! ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቸው አይደሉ የሚነዱት። ደግሞ ያምርባቸዋል፣ በኮፍያ።" ልብሱን ደረቷ ላይ እንደታቀፈች ጠጋ አለችኝ። "ያን ቀን ግን ክርስቶስ ነው ያተረፋችሁ። ከባምቢስ ሱፐርማርኬት ሲመለሱ እዚህ ዳገቱ ላይ ቆመው ሲነሱ፣ ዝናብ ነበር፣ ዞረችባቸው አይደል? መኪናዋ፣ ቆሎ የምትሸጠው ሴትዮ ሁልጊዜ የምትቀመጥበት ጠርዝ ላይ ሄዳ ተላተመች። ዝናቡ ሴትዮዋን ወደ በረንዳ ባያስገባት ኖሮ...  አልነገሩሽም እንዴ?"

አልነገሩኝም።

በሩ ላይ እንደቆምኩ ነገሩ ሁሉ ቦታ ቦታውን ያዘ። አጭሩ ሰው አባቴ ነው፤ ቁመቴን ያወረሰኝ እሱ ነውና ወንበሩ ለእኔ ልክ የሆነው ለዚህ ነው። ከባዱም እግር የእሱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የነዳት አሮጌ ቮልስ ነበረችው፤ ይቺን የካዛንቺስን ዳገት ለመውጣት ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጦ፣ ወደ ፊት ተጎንብሶ፣ እንደ በቅሎ እያበረታታ ነበር የሚያወጣት። ቮልሷ ከተሸጠች ብዙ ጊዜዋ ነው፤ እግሩ ግን አልተሸጠም። ሴት አለመሆኑን ሳውቅ እፎይ ማለት ነበረብኝ። ግን ቆሎ ሻጯ የምትቀመጥባት ባዶ ካርቶን ማዶ ይታየኝ ነበርና አልቻልኩም።

ድምፅ ሳታሰማ መጣች። መጀመሪያ ያየሁት ኮፍያውን ነው፤ ከመሪው በላይ ኮፍያና መነጽር ብቻ ይታያል። ባሌ ጎኑ ተቀምጦ የበሩን እጀታ ጨብጧል፣ ፊቱ እንደ ኖራ ነጥቷል። ዳገቱ ግርጌ ላይ ለአንድ እግረኛ ቆሙ። ሲነሱ መኪናዋ ተወነጨፈች፤ ጎማው ግን እርጥቡን አስፋልት ቆንጥጦ ያዘው፣ ግራ ቀኝ ሳትል ወጣች። ቅር እያለኝም ቢሆን መርጦ ነው የገዛው አልኩ።

አባቴ በሩን ከፍቶ ሲወርድ ሃያ ዓመት የተቀነሰለት ይመስል ነበር። እናቴ ካረፈች ወዲህ እንደዚያ አይቼው አላውቅም።

"ልጄ! መጣሽ? ስነዳ አለማየትሽ ነው የሚቆጨኝ! ይቺ መኪና እኮ አሁን ሰው ሆነች። ድሮም ጥፋቱ የጎማው ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ብቻዬን ይዣት ናዝሬት ደርሼ ጓደኞቼን ነው የማስደንቃቸው።"

ባሌን ወደ ጎን ሳብኩት።

"ሰው ልትገድሉ ነው" አልኩት በሹክሹክታ። "ያውም አንተ አጠገቡ ተቀምጠህ! ለምን አትከለክለውም?"

"እንዴት ብዬ?" አለ። ዓይኑ እንባ ቋጥሯል። "አንዴ ልሞክራት ሲሉኝ ቁልፉን ሰጠኋቸው። ደግመው ሲጠይቁኝ ምን ልበላቸው? አንቺን የሰጡኝ ሰው ናቸው። 'አርጅተዋል፣ አይችሉም' ልበላቸው? መኪናዋን የምታፈጥነውን፣ ስፖርት የምትለዋን ቁልፍ ነክተው ሲስቁ ብታያቸው... አፌ አልታዘዝ አለኝ። እሳቸውን መለወጥ ስላልቻልኩ ጎማውን ለወጥኩ። ለዝናብ የተሻለ ጎማ አለ ባሉ ቁጥር ስልኬ ላይ የማየው፣ ሌላ የማደርገው ስለሌለኝ ነው።"

ተናደድኩበት፤ ወደድኩትም። ሁለቱም በአንድ ጊዜ መጡብኝና የቱን እንደማስቀድም ጠፋኝ። ለአንድ ሽማግሌ "አይሆንም" ላለማለት የጎማ ሊቅ የሆነ ሰው ነው ያገባሁት። ጎማው በተሻለ መጠን ደግሞ አባቴ ይበልጥ እያመነ ይረግጣል፤ ጎማ ማንንም ከዚያ እግር አያድንም፣ ቀኑን ነው የሚያራዝመው።

ወደ አባቴ ሄድኩ።

"አባዬ፣ ቁልፉን ስጠኝ። ከእንግዲህ አትነዳም።"

ሳቀ። እየቀለድኩ መስሎት ነው። አለመቀለዴን ሲያይ ሳቁ ቀስ ብሎ ከፊቱ ወረደ።

"ያን ቀን እኮ ጎማው ነው፤ አሁን ተቀይሯል።"

"ጎማው አይደለም አባዬ። እግርህ ነው። ዝናቡ ባያስነሳት ቆሎ ሻጯ ዛሬ የለችም።"

ካፊያው ኮፍያው ላይ ጠብ ጠብ ይል ነበር። አባቴ ከእኔ ላይ ዓይኑን አንስቶ ባሌን አየው። ባሌ መሬት መሬት ያያል። አባቴ ደግሞ የኋላውን ጎማ አየ፣ ረጅም ጊዜ አየው፤ ከዚያ ገባው። ሲገባው አየሁት፤ ባላየው ይሻለኝ ነበር።

"ይሄንን ጎማ ለእኔ ብለህ ነው የገዛኸው?" አለው።

ባሌ በጫማው ጫፍ መሬቱን ጫር ጫር አደረገ።

"እኔን መከልከል አቅቶህ?"

"አባባ፣ እኔ እንዴት..."

"እሷ ልጄ ናት፣ ተቆጣችኝ" አለ አባቴ። ድምፁ አልጮኸም፤ ተሰባብሮ ነው የወጣው። "አንተንም ልጄ ነው እያልኩ ነበር በየሰፈሩ የማወራው። ለካ አንተ ዘንድ እንግዳ ነኝ። እንግዳን ነው እየፈሩ እሺ እሺ የሚሉት።"

 ባሌ ቀና አለ።  አባቴን እስከዚያች ቀን ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ ተቃውሞ የማያውቅ ሰው ነው።

"አይነዱም አባባ" አለ። "አይችሉም። ከእንግዲህ ቁልፉን አልሰጥዎትም።"

አባቴ ራሱን ነቀነቀ፤ አንዴ፣ ከዚያ ደግሞ አንዴ። እጁን ኪሱ ከትቶ ቁልፉን አወጣና የባሌን እጅ ይዞ መዳፉ ላይ አደረገለት።

"እሺ ልጄ" አለው። ጣቶቹ ግን ቁልፉን ቶሎ አልለቀቁትም።